የጋሽ በላቸው ኮፍያ

ባለፈው ቅዳሜ ከእናንተ አንዷ፣ «ጋሼ፣ ሆስፒታል ሲያስተረጉሙ ትንሽ ሶፍት አያደርጉትም? እማዬ እኮ አልቅሳ ነው የወጣችው» ብላ ወቀሰችኝ። ልክ ናት፣ ሶፍት አላደርግም፤ ቃል አላለሰልስም። ምክንያቱ ድብ ነው። አትሳቁ፣ ቁጭ በሉና ስሙ።

ጊዜው የፈረንጆቹ ዘጠናዎቹ አጋማሽ ነው፤ ወሩ ነሐሴ፣ ፍልሰታ የገባ ሰሞን። እኔ ያኔም እዚሁ እንግሊዝ አገር፣ ስቶክዌል ሰፈር ነበርኩ፤ ሥጋ መጋዘን ውስጥ እሠራለሁ። አገር ቤት ግን እንጀራዬ አደን ነበር። ባሌ ቆላ ፈረንጆች እየመራሁ ነብር አስገድያለሁ። ነብርን እንደ ድኩላ ተከትላችሁ አትደርሱበትም። የፍየል ሥጋ ዛፍ ላይ ትሰቅላላችሁ፣ ነፋሱ በየት እንደሚነፍስ ታያላችሁ፣ ከዚያ ትንፋሻችሁን ውጣችሁ ትጠብቁታላችሁ። ማባበያ ላይ መቀመጥ ለእኔ አዲስ ነገር አልነበረም። ይህን የምነግራችሁ ለጉራ አይደለም፤ በኋላ «አላወቀም ነበር» ብላችሁ እንዳታዝኑልኝ ነው።

ጋሽ በላቸው የሚባሉ ሰው ከከተማው ማዶ ሃክኒ ሰፈር ይኖሩ ነበር። ዕድሜያቸው ከሰባ አልፏል። በወጣትነታቸው ጎሽ ገድለው ቅቤ የተቀቡ ሰው ናቸው። በእሳቸው አገር ትልቅ አውሬ ጥሎ የተመለሰን ሰው ዘመድ አዝማድ እልል እያለ አናቱን ቅቤ ይቀባዋል፤ ያ ነው ሜዳልያው። እዚህ ከመጡ በኋላ ግን ሊፍቱ በየሳምንቱ በሚበላሽ ፎቅ ላይ ተቀምጠው አውቶቡስ መቁጠር ሆነ ሥራቸው። ካናዳ ያለው ልጃቸው ይህን አይቶ አንጀቱ አልችል ቢለው የድብ አደን አዘጋጀላቸው፤ ራሱ ግን ከሥራው አልተለቀቀም።

«ብቻዬን አልሄድም» አሉ። «ቋንቋውም የለኝ። ታደሰ ይምጣ።»

ታደሰ እኔ ነኝ። ክሮይደን፣ የስደተኞች ቢሮ ሄደን ለጉዞ ወረቀት አፕላይ አደረግን። ሰልፉ ሕንፃውን ዞሮ ነበር። ጋሽ በላቸው ከዘራቸውን ተደግፈው ቆመው፣ «ድቡ ከዚህ ከባሰ እንተያያለን» አሉኝ።

ጫካው ከቶሮንቶ ወደ ሰሜን የብዙ ሰዓት መንገድ ነው። መሪያችን ሬይ የሚባል፣ ከሚናገረው የሚተወው የሚበዛ ፈረንጅ ነበር። የአደኑ ወቅት ገና መከፈቱ ነው፤ ሙቀቱ ግን ጉድ ነበር። ዝናብ ጠፍቶ ቅጠሉ ሁሉ ጠውልጓል፤ ቢምቢው ብቻ ተመችቶታል። ማባበያው በርሜል ውስጥ ነው፤ ያደረ ዳቦ፣ ኬክ፣ የተጠበሰበት ዘይት፣ ከላዩ ማር። በዚያ ሙቀት በማግስቱ ቦክቶ ጠላ ጠላ ይሸታል፤ ሬይ በየጠዋቱ ይቀይረዋል። ድቡ ደግሞ ያን ሁሉ ጮማና ፀጉር ተሸክሞ ቀን አይንቀሳቀስም። ረግረጉ ውስጥ ተኝቶ ይውልና ብርሃን ሊያልቅ ግማሽ ሰዓት ሲቀረው ይነሣል። ስለዚህ ከአሥር ሰዓት ጀምሮ ማማ ላይ ወጥተን ላባችንን እያፈሰስን እንጠብቃለን።

ሬይ የመጀመሪያው ቀን ሕጉን ነገረን። «ሽታ ባለው ሳሙና አትታጠቡ። ሲጋራ የለም። ማማ ላይ ምግብ የለም። ማባበያው በርሜሉ ውስጥ ብቻ ይሁን። ድቡ እናንተን ካሸተተ ወይ ይሸሻል፣ ወይ ምን እንደሆነ ለማየት ይመጣል።» ይህን ቃል በቃል ተረጎምኩ። ጋሽ በላቸው ራሳቸውን ነቀነቁ።

ሦስት ቀን ባዶ እጃችንን ተመለስን። በአራተኛው ቀን ጠዋት ረግረጉ ዳር ጭቃው ላይ ዱካ አገኘን። የድብ ዱካ አይታችሁ አታውቁም፤ ባዶ እግሩን የሄደ ሰው ይመስላል። ተረከዝ አለው፣ አምስት ጣት አለው፤ ከጣቶቹ ፊት ጥፍሩ የወጋው ቀዳዳ ብቻ ነው ልዩነቱ። የፊት እግሩ ላይ መዳፌን ብዘረጋ ዱካው በሁለት ጣት በለጠኝ። ትንሽ አለፍ ብሎ የቧጠጠው ዛፍ ቅርፊቱ እንደ ቆዳ ተንጠልጥሏል። ሬይ «ትልቅ ወንድ ነው፣ ዛሬ ይመጣል» አለ።

የዚያን ዕለት እኩለ ቀን ላይ ጋሽ በላቸው ራሳቸውን ያዙ። ፆመኛ ናቸው፣ እህል የሚቀምሱት ከዘጠኝ ሰዓት በኋላ ነው፤ በዚያ ላይ ፀሐይ አናታቸውን መታቸው።

«ታደሰ፣ ጭንቅላቴ ሊፈነዳ ነው። ከኮቴ ኪስ ያቺን ብልቃጥ አምጣ።»

ብልቃጧን ከፈትኳት፤ ለጋ ቅቤ። ከሃክኒ ድረስ ይዘዋት መጥተዋል።

«በፍልሰታ?» አልኩ።

«አትብላ ነው የተባለው እንጂ አትቀባ አልተባለም። ይልቅ ቀባኝ፣ ያበርድልኛል።»

«ዌይት፣ ጋሼ» ልትሉኝ ነው። «ቅቤ? ድብ ባለበት?» አዎ። ድብን በሥዕል ብቻ የምታውቁት እናንተ እንኳ ገባችሁ። እኔም ገብቶኛል። ግን ጎሽ የገደሉትን ሰው፣ በአባቴ ዕድሜ ያሉትን፣ «ይሸታሉ» ልበላቸው? ዝም ብዬ በእጄ ቀባኋቸው፤ አናታቸው እስኪወረዛ ድረስ አሸሁት። ከላዩ የሱፍ ኮፍያቸውን ደፉበት።

ዘጠኝ ሰዓት ላይ እህል ቀምሰው ሲያበቁ ሬይ ሊወስደን መጣ። መኪናው ውስጥ ገና ከመግባታችን አሸተተና ወደ እኔ ዞረ። «ይሄ ሽታ ምንድነው? ከሽማግሌው ከሆነ ታጥቦ ይምጣ በለው።»

«ምን አለ?» አሉ ጋሽ በላቸው።

«ሙቀቱ እንዴት ይዞዎታል ይላል።»

«ደህና ነኝ፣ እግዚአብሔር ይመስገን በለው።»

ወደ ሬይ ዞሬ፣ «ታጥቧል፣ የድሮ ልብሱ ሽታ ነው» አልኩት። ሁለት ሰው አመነኝ፤ ሁለቱንም ዋሸሁ። አፌም አልተንተባተበም።

ማማዎቻችን ሁለት ነበሩ፤ በየዛፉ ላይ በመሰላል የሚወጣባቸው፣ ከመሬት ወደ አራት ሜትር። የጋሽ በላቸው ወደ ረግረጉ ነው፣ የእኔ ሠላሳ እርምጃ ያህል ሽቅብ። በርሜሉ በመካከላችን አለ። በዕድሜ የመጀመሪያው ጥይት የእሳቸው ነው፤ የእኔ ጠመንጃ ለክፉ ቀን ነው። ሬይ ተኩስ ካልሰማ ሲጨልም ሊመጣ መኪናውን ይዞ ራቀ።

ፀሐይ ስታዘቀዝቅ አየሩ ዞረ። ቀን ቀጥ ብሎ ቆሞ የነበረው አየር ቀዝቀዝ ሲል እንደ ውሃ ወደ ረባዳው መውረድ ይጀምራል፤ ባሌም እንዲሁ ነው። እኔ ዘንድ ሲደርስ የነበረው የበርሜሉ ሽታ ጠፋ። ከጋሽ በላቸው አናት የተነሣው ግን በቀጥታ ወደ ረግረጉ እየሄደ ነው። ይህን እያወቅሁ ተቀመጥኩ። አንዴ ልጠራቸው አፌን ከፍቼ፣ «አሁን ብናገር አደኑን አበላሸሁ ይሉኛል» ብዬ ዘጋሁት።

ድቡ ሲመጣ እንጨት አልተሰበረም። ቁጥቋጦው ሥር ጥቁር ነገር ነበረ፣ ወዲያው ያ ጥቁር ነገር ሜዳው ላይ ቆሟል። ወደ በርሜሉ አልዞረም። ማሩን፣ ኬኩን፣ ዘይቱን ቀና ብሎም አላየው። ከጋሽ በላቸው ዛፍ ሥር ቆሞ አፍንጫውን ወደ ላይ ሰቀለ፤ ከዚያ ግንዱን አቀፈ።

ወፍራም ስለሆነ አይወጣም እንዳትሉ። ሁለቴ ሳበ፣ ሦስቴ ሳበ፣ ጭንቅላቱ ከእግራቸው በታች ደረሰ። እሳቸው ጠመንጃውን ቁልቁል ሊያዞሩ ቢሞክሩ አፈሙዙ የማማው ብረት ላይ ተያዘ። እኔ አነጣጠርኩ፤ በጠመንጃዬ መነጽር ውስጥ ያለው ግን ግማሹ ድብ፣ ግማሹ የጋሽ በላቸው እግር ነው። ብተኩስ ማንን እንደምመታ አላውቅም። ድቡ አንድ እጁን ወርውሮ ጫማቸውን መነጨቀው፤ ጥፍሩ ባታቸውን ሲቀድ ጨርቁ ሲተረተር ሰማሁት። እሳቸው አልጮኹም። ፈራሁ።

ያን ጊዜ ከቀትር ጀምሮ የዋጥኩት ወጣ።

«ጋሽ በላቸው! ቅቤው ነው! ቅቤው ሸቶት ነው! ኮፍያዎን ይጣሉለት!»

«አሁን ነው የምትነግረኝ?» አሉ ከማማቸው። ድምፃቸው ቁጣ እንጂ ፍርሃት አልነበረበትም። ኮፍያቸውን አውልቀው ወረወሩት።

ድቡ ቅርፊቱን እየቀረፈ ቁልቁል ተንሸራተተ። ኮፍያውን በሁለት እጁ ይዞ፣ ተቀምጦ፣ ይልሰው ጀመር። ጎኑን ሰጥቶናል። ጋሽ በላቸው አሁን ጠመንጃቸውን አስተካክለዋል፤ ድቡ ከማማቸው አሥር እርምጃ አይርቅም። ጠበቅኋቸው። አልተኮሱም። እኔ ቃታው ላይ ጣቴን ሳደርግ እጃቸውን አነሡ።

«ተወው። ቅቤ የሚቀባው ያሸነፈ ነው። የዛሬው ለእሱ ደርሶታል።»

ድቡ ኮፍያውን በአፉ ይዞ ወደ ረግረጉ ገባ። ጥቂት ጠብቄ፣ ለሬይ ምልክት እንዲሆን ወደ ሰማይ ተኮስኩ፤ የዚያ አደን ጥይት ያቺ ብቻ ናት። ወርጄ ደግፌ አወረድኳቸውና ባታቸውን በሸሚዜ አሰርኩት። ደሙ ብዙ ነበር።

መኪናው ውስጥ በሁለቱ መካከል ተቀምጬ ሁሉንም አወጣሁት፤ መጀመሪያ ለሬይ በእንግሊዝኛ፣ ቀጥሎ ለጋሽ በላቸው በአማርኛ፣ አንዲት ቃል ሳልቀንስ። ሬይ መኪናውን አቁሞ አየኝና መልሶ ወደ ሐኪም ቤት ነዳው። ጋሽ በላቸው ወደ እኔ ዞሩ።

«ማፈሬን ፈራህ» አሉ። «መሞቴን ግን አልፈራህም።»

ከዚያ በኋላ ይህን ነገር አንድም ቀን አላነሡብኝም። ቢሰድቡኝ ይሻለኝ ነበር። መጋዘኑን ትቼ የማስተርጎሙን ሥራ የያዝኩት ከሁለት ዓመት በኋላ ነው፤ ዘጠናዎቹ ሳያልቁም አንድ ቀን ሆስፒታል ተጠርቼ ብገባ በሽተኛው ጋሽ በላቸው ሆነው አገኘኋቸው። ሐኪሟ ወጣት ናት፤ ወረቀቱን እያየች ተናገረች። በሽታው ጉበት ውስጥ ገብቷል፣ መድኃኒት አይመልሰውም፣ የቀራቸው ወራት እንጂ ዓመት አይደለም።

«ምን አለች?» አሉ ጋሽ በላቸው።

ለስላሳው ቃል ምላሴ ላይ ደርሶ ነበር፤ «ሕክምናው ይቀጥላል ትላለች» የሚል። ዋጥኩት። ያለችውን እንዳለችው ነገርኳቸው።

ጎንበስ ብለው ሱሪያቸውን ከፍ አደረጉና ባታቸው ላይ ያሉትን አራት ጠባሳዎች በአውራ ጣታቸው ዳሰሷቸው።

«ዛሬስ ቀድመህ ነገርከኝ» አሉኝ። «በል፣ ለልጄ ደውልልኝ።»

ደወልኩ። በሳምንቱ ካናዳ ያለው ልጃቸው መጣ፤ እስከ መጨረሻዋ ቀን ድረስም ሃክኒ አብሯቸው ተቀመጠ።