መንገዱን ያለበሰው ሰው

ኡይባን በሩቅ ሰሜን አገር ሠላሳ ዓመት በግሬደር በረዶ ሲጠርግ የኖረ ሰው ነው። መንደሩን ከከተማ የሚያገናኘው መንገድ አንድ ብቻ ነው፤ እሱም በኡይባን እጅ ነበር። መመሪያው «የተጠረገውን በረዶ ከመንገዱ አርቀህ በትን» ይላል፤ ሃያ ስድስት ዓመት እንደታዘዘው አደረገ። ሚስቱ አኩሊና ኩላሊቷ ታሞ በሳምንት ሦስቴ ለእጥበት ከተማ መመላለስ ስትጀምር ግን መመሪያው አልበቃ አለው። መመሪያ የሚጽፍ ሰው መቼ ላም አርብቶ ያውቃል? በእነሱ አገር ብርዱ ሲከር የበረቱ ግድግዳ ዙሪያውን በረዶ ይከመርበታል፤ ላሟ ይሞቃታል። ኡይባንም መንገዱ ውርጭ እንዳይሰነጥቀው ብሎ፣ ረግረግ የሚያዋስነውን ጎኑን አራት ዓመት ሙሉ በበረዶ አለበሰው።

በሐምሌ፣ በእነሱ አገር ሙቀቱ በሚበረታበት ወር፣ ሁለት ኪሎ ሜትር መንገድ ተደረመሰ። ሄሊኮፕተርም ደኑን በያዘው ሰደድ እሳት ጭስ ምክንያት መነሣት አልቻለም። ጎረቤቶች አኩሊናን በቃሬዛ ሊያሻግሯት ሞክረው፣ ጭቃው ደረታቸው ሲደርስ ተመለሱ። ሁለት እጥበት አመለጣት።

መንገዱን ልትመረምር የመጣች ናሪያና የምትባል የአፈር መሐንዲስ በዳሩ ከቆፈረችው ጉድጓድ ቴርሞሜትር አውጥታ አነበበች።

«አባባ፣ እዚህ ጎን በረዶ የሚከምረው ማነው?»

«ምነው ልጄ?»

«በረዶ እኮ ብርድ ልብስ ነው። ይህ መሬት ጸንቶ የሚቆመው ሲበርደው ነው። ብርዱ እንዳይገባ ተከለከለና በውስጡ ዓመቱን ሙሉ የማይቀልጠው የበረዶ ግግር ቀለጠ።»

ኡይባን ወደ ተደረመሰው ጎን ጠቆመ። «በድንጋይ ሙዪው። አንድ መኪና ብቻ ይለፍ፤ በእናትሽ!»

«ይውጠዋል እንጂ አይሞላም። ትናንት የጠጠሩን መኪና ሲውጠው አላዩም? መሬቱ ዳግም በርዶ የሚጠነክረው በጥቅምት ነው።»

«ሚስቴ እጥበት ካላገኘች ሐሙስን አታልፍም፣ አንቺ ጥቅምት ትይኛለሽ!»

ናሪያና ቴርሞሜትሩን ወደ ጉድጓዱ መለሰች።

ቤት ሲገባ አኩሊና ፊቷ አብጦ፣ ትራስ ተደግፋ በጭንቅ እየተነፈሰች ነበር።

«ምን አለችህ?»

መዋሸት ይችል ነበር። ሠላሳ አምስት ዓመት አብሯት ኖሮ ውሸት አልለመደም።

«እኔ የከመርኩት በረዶ ነው መንገዱን ያፈረሰው አለች።»

አኩሊና እጇን አነሣች፤ ሊናገር አፉን ሲከፍት አይታዋለች።

«ለአንቺ ብዬ ነው እንዳትለኝ አንተ ሰውዬ። ያን ዕዳ ተሸክሜ አልሞትም።»

ኡይባን ሊላት የነበረው እሱኑ ነበር። ትራሷን ከፍ አድርጎ ደገፋት።