ከሮም ቪየና ስንት ዙር ነው?

የደብረ ወርቁ የዜማ መምህር የኔታ ኃይለ ሚካኤል መንገድ የሚለኩት በመቁጠሪያቸው ነው። ሲሄዱ በየፍሬው «እግዚኦ መሐረነ» ይላሉ። ገበያው ምን ያህል ይርቃል ብሎ ለጠየቃቸው መልሳቸው «አራት ዙር» ነው። ለጊዮርጊስ ንግሥ ዲማ ሲወርዱማ ጣታቸው እስኪደነዝዝ ይቆጥራሉ። ሰዓት አስረው አያውቁም።

ሁለቱ ልጆቻቸው ባሕር ማዶ ናቸው። አብይ ሮም፣ ምግብ ቤት ውስጥ ይሠራል። እየሩስ ቪየና ትዳር ይዛለች። ስታገባ ለወንድሟ በወጉ ሳትነግረው በመቅረቷ አኩርፏታል፤ ይኸው እስካሁን አልተያዩም። አሁን የልጇ አርባ ቀን ደርሶ እሑድ ክርስትና ሊነሣ ነው። የኔታ በእሳቸው ቦታ አጎቱ እንዲቆምለት ተመኙ። በዚህ ያልታረቁ መቼ ሊታረቁ ነው?

አብይ ግን በስልክ «አባዬ፣ ሩቅ እኮ ነው! ሌላ አገር ነው!» ብሎ ነገሩን ዘጋው።

የኔታ ቅር አላቸው። ሆኖም ሳያጣሩ መውቀስ አይወዱምና መናኸሪያ ሄደው ሚኒባስ ነጂውን ይስማውን ጠየቁት።

«ከሮም ቪየና ምን ያህል ነው?»

«እኔ የምጭነው እስከ ጉንደ ወይን ነው፣ የኔታ!» ብሎ ሳቀና ስልኩን ነካካ። «በአየር ሰባት መቶ ስልሳ ኪሎ ሜትር ግድም ይላል።» ቀሪውን ሊያነብላቸው ሲል ኔትወርኩ ጠፋ። ተሳፋሪዎቹም «ንዳ እንጂ፣ መሸ!» ብለው ጮኹበት።

የኔታ ቤታቸው እስኪደርሱ በልባቸው አሰሉት። ዲማ ስንት ጊዜ ደርሶ መልስ! የመቁጠሪያው ክር ይበጠሳል እንጂ መንገዱ አያልቅም። ልጃቸው አሳዘናቸውና ለእየሩስ ደወሉ።

«ልጄ፣ ወንድምሽን አትቀየሚው። ሰባት መቶ ስልሳ ኪሎ ሜትር ነው። ስንቁስ? ማደሪያውስ?»

እየሩስ ሳቋ አላናግር አላት። «አባዬ! አውሮፕላን እኮ በእግሩ አይሄድም! የአንድ ሰዓት ተኩል መንገድ ነው፤ ቢበዛ ትንሽ ቢጨምር።»

«ምን አልሽ? ቅዳሴው እንኳ ከዚያ ይረዝማል!»

ወዲያው ለአብይ ደወሉ። «አንተ! ሩቅ ያልከኝ ከቅዳሴ ያጠረውን ነው?»

«ማን ነገረዎት?»

«ማንም ይንገረኝ። ስትሄድ የሰጠሁህ መቁጠሪያ አለ?»

«አለ።»

«አውሮፕላኑ ሲነሣ መቁጠር ጀምር። ከዚህ እስከ ዲማ የምቆጥረውን ያህል ከቆጠርክ በእውነትም ሩቅ ነው፤ ካረፍክበት ተመለስ። ካልሞላልህ ግን እህትህን ትስማለህ።»

«አባዬ፣ እሷ እኮ ሳትጠራኝ...»

«ጥፋት አለባት፤ ነግሬያታለሁ። ሕፃኑስ ምን አደረገህ?»



እሑድ የኔታ ስልኩን ከእጃቸው ሳይለዩ ዋሉ። ከሰዓት በኋላ በቪዲዮ ተደውሎላቸው ቢያዩ አብይ ነጠላውን አጣፍቶ ሕፃኑን ታቅፏል። እየሩስ ትከሻው ላይ ተደግፋ ዓይኗን ትጠርጋለች። ሕፃኑ የአብይን መቁጠሪያ ጨምድዶ ይዟል።

«እህ፣ ስንት ዙር ሆነ?» አሉ የኔታ።

አብይ አንገቱን ደፋ። «እውነቱን ልንገርዎት? ገና በመጀመሪያው ዙር እንቅልፍ ወሰደኝ። የቀሰቀሰችኝ አስተናጋጇ ናት።»

«ወይ ጉድ፣ ይህንን ነው ሩቅ ያለው!» አለች እየሩስ በክርኗ ጎሸም አድርጋው።

የኔታ እስኪያስላቸው ሳቁ። ከዚያ መቁጠሪያቸውን ወደ ስልኩ አስጠግተው፣ «በሉ እንግዲህ፣ ከዚያ ደብረ ወርቅስ ስንት ዙር ነው?» አሉ።

ወንድምና እህት ተያዩ።