ለፈረስ የደረሰ መድኃኒት

የዘንገናው ይኸነው ስልሳ አራት ዓመቱ ነው። ሠላሳውን ዓመት የሰፈሩን ፈረሰኞች ከፊት ሆኖ መርቷል፤ የአካሄድ ነገር ከተነሣ ግን ፈረሱ ይሻላል እያሉ ያሙታል። ቀኝ ጉልበቱ ካመፀ ሦስት ዓመት ሆነው። ሚስቱ በቀለች ቅቤ አሸችው፣ ጠበል አስጠመቀችው፤ ጉልበቱ ሁሉንም ተቀብሎ ዝም አለ። ሰው ደግፎ ኮርቻ ላይ ያወጣው ዕለት የፊቱ ቦታ ለጎረምሳ እንደሚሰጥ ይኸነው ያውቃል።

የጥር የፈረሰኞች በዓል ሲቃረብ የእህቱ ልጅ ምሥራቅ ከስልኳ አነበበችለት፤ ውጭ አገር ከበሽተኛው ከራሱ ሴል ወስደው፣ አባዝተው፣ ያለቀ የጉልበት ልም አጥንት ይተካሉ። በማግስቱ በሚኒባስ ዳንግላ ሆስፒታል ወረደ።

ዶክተር ፀደይ የጉልበቱን ራጅ አየችው። «አባቴ፣ በአጥንቶቹ መሃል የነበረው ትራስ አልቋል።»

«እሱንማ ጉልበቴ ነግሮኛል። የሚበቅለውን አትተክይልኝም?»

«እዚህ የለም። ቢኖርም እንደ እርስዎ ጨርሶ ላለቀ ጉልበት አይሆንም። ዘረ መል በመርፌ የሚሰጥበትም አለ፤ እሱ ገና ሙከራ ላይ ነው።»

«በማን ላይ?»

«በሰው ጀምረዋል። አስቀድመው የሞከሩት ግን በፈረስ ነው።»

«ዳነ?»

«ማነከሳቸው የቀነሰላቸው አሉ።»

ይኸነው ራጁን አጣጥፎ ኪሱ ሊከት ሞከረ፤ አልታጠፍ አለው። «የኔ ፈረስ ደኅና ነው» አለ። «መድኃኒቱ ቤት ተሳስቷል።»

የማስታገሻ ክኒን ሰጥታ እንዳይጋልብ መከረችው።

በበዓሉ ጧት በቀለችና ምሥራቅ አጥር ጀርባ ደብቀው፣ ገፍተው ኮርቻ ላይ አወጡት። ሜዳው ላይ ሲጋልብ ያየ ሁሉ እልል አለ። ጣጣው መውረዱ ነበር። ጉልበቱ ድርቅ አለ። ሌሎቹ እንደ ወጉ ወርደው የሽማግሎቹን ጉልበት ስመው ዳስ ሲገቡ እሱ ብቻ ፈረሱ ላይ ቀረ።

ጎረቤቱ ኪዳኑ መጣ። «ውረድ እንጂ አንተ ሰው፤ ሽማግሌ ይጠብቅሃል።»

«ይጠብቅ።»

ደግፈህ አውርደኝ የሚለው ቃል ምላሱ ጫፍ ላይ ነበር፤ ዋጠው። ቀኑን ሙሉ ጦሙን ዋለ፤ ከዳሱ ውስጥም «ንጉሥ ሆነ እኮ» ሲሉ ይሰማል። ሲመሽ በቀለችና ምሥራቅ አጥር ጀርባ ደብቀው አወረዱት።

በሳምንቱ ኪዳኑ ቤቱ መጣ። «ሽማግሎቹን ንቀሃል ተብለህ ከፊት ወርደሃል። እሑድ መጥተህ ፊታቸው ከተንበረከክህ ግን ቦታህ ይመለስልሃል።»

በቀለች የጉልበቱን ነገር ልትናገር አፏን ስትከፍት ይኸነው በዓይኑ ከለከላት።

«አልንበረከክም በላቸው።»

ኪዳኑ ነጠላውን አስተካክሎ ተነሣ። «ልክ ናቸው ለካ፤ እኔ ነኝ በከንቱ የተሟገትኩልህ።»