ሰሌን የጫነችው መኪና

ሰሌኑን የገዛሁት ለመቀመጫ ነበር። ኮምቦልቻ ገበያ ላይ ሻጩ «ለምንሽ ነው?» ሲለኝ «ለሽርሽር» አልኩት፤ ግራ ገብቶት አየኝ። ጠቅልዬ መኪናዬ ጣሪያ ላይ አሰርኩትና መንገዴን ቀጠልኩ።

መኪናዬ አሮጌ ነጭ ሚኒባስ ናት። አዲስ አበባ ውስጥ ሃያ ዓመት የተማሪ ሰርቪስ ነድቼባታለሁ። ሥራውን ስተው ወንበሮቿን አስነቅዬ አልጋ አስበየድኩባት፤ ቡታጋዝ፣ ሁለት ጀሪካን፣ አንድ ድስት ጫንኩባት፤ መስኮቶቿን ነጭ መጋረጃ አለበስኳቸው። ከዚያ ብቻዬን አገር መዞር ያዝኩ። አርባ ምንጭ፣ ጅማ፣ ሐረር ሄድኩ። የደረስኩበት ሰው ሁሉ «ብቻሽን አትፈሪም?» ይለኛል። «ሃያ ሕጻን በጆሮዬ እየጮኸ ያልፈራሁ፣ ባዶ አልጋ ይዤ ልፈራ?» እላለሁ።

እውነቱን ለመናገር ግን አገር እያየሁ አልነበረም፤ እየሸሸሁ ነበር። እናቴ እኔ ቤት ስትሞት የወሎ መንገድ ተዘግቶ፣ ስልኩም ተቋርጦ ነበር። በሕይወት የቀረቻት አንዲት እህት ናት፤ እሷም ከመካነ ሰላም ወዲህ ባለች ገጠር የምትኖረው አክስቴ። ስልኩ በተከፈተ ሰሞን አክስቴ ከጎረቤት ስልክ ደወለችና ገና ሰላም ሳትለኝ «እህቴ እንዴት ናት?» አለች። መርዶ በስልክ አይነገርም፤ ይህን ሕጻንም ያውቃል። «ደህና ናት፣ ተኝታለች» አልኳት። በወሩ ስትደውል እናቴ አሁንም ተኝታ ነበር። በሌላው ወር ቤተ ክርስቲያን ሄደች። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይባላል፤ የኔው ግን እያደር ከበደኝ እንጂ አልጠራም። ሁለት ዓመት ሊሞላ ጥቂት ሲቀረው አክስቴ ደውላ አለቀሰች። «ምን በድያት ነው የተቀየመችኝ? ድምጿን እንኳ ከለከለችኝ» አለች።

ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ ራሴን ጠላሁት። በማግስቱ መኪናዬን አስነስቼ ወደ ወሎ ወጣሁ።

ወረኢሉ አድሬ በጠዋት ስነሳ ጭጋጉ መንገዱን ውጦት ነበር። አራቱንም ፍሬቻ አብርቼ፣ ለአቧራውና ለብርዱ ጥቁር ሻሽ አስሬ፣ በቀስታ እነዳለሁ። ረፋዱ ላይ ጭጋጉ ቢገፈፍም መብራቱን ማጥፋት ረሳሁ። አንድ መገንጠያ ላይ ጢማቸውን ሂና የተቀቡ ሽማግሌ ቆመው አገኘሁና የአክስቴን ስም ጠርቼ መንገዱን ጠየቅኋቸው።

«ምኗ ነሽ?» አሉኝ።

«የእህቷ ልጅ ነኝ አባቴ።»

ጣሪያውን አዩ፣ መጋረጃውን አዩ፣ እኔን አዩ። «ብቻሽን ነው የመጣሽው? አንድ ወንድ እንኳ ጠፋ?»

ይቺን ጥያቄ አልወዳትም። «ወንድ ምን ያደርግልኛል?» አልኳቸው። ቁጣዬን እንዳልሰሙ ሆነው መንገዱን አሳዩኝና «አብሽሪ ልጄ፣ አላህ ያበርታሽ» አሉኝ። አብሽሪ ወሎ ላይ አይዞሽ ማለት ነው። ለመንገዱ መሰለኝ፤ መንገዱም አይዞሽ የሚያስብል ነበር። ስሄድ በመስታወቱ ሳይ ስልካቸውን ከኪሳቸው እያወጡ ነበር።

ከአንድ ሰዓት በኋላ የአክስቴ ሰፈር መዳረሻ ላይ ሰው ተሰብስቦ አየሁ። ሴቶቹ ነጠላቸውን አዘቅዝቀዋል። ወንዶቹ አካፋና ዶማ ይዘዋል፤ አራቱ ቃሬዛ ተሸክመዋል። አክስቴ ሞታለች አልኩ። እህቷ እንደተቀየመቻት፣ እኔ እንደዋሸኋት ሞታለች።

መኪናዋን መሀል መንገድ ላይ አቁሜ ወረድኩ። «መቼ ሞተች?» ብዬ ጮህኩ።

እርስ በርሳቸው ተያዩ። አንድ ጠና ያሉ ሰው ቀረብ አሉኝ። የቅሬው ዳኛ ናቸው፤ አዲስ አበባ እድር የምንለው እዚያ ቅሬ ነው። «ማን ሞተች? የምትነግሪንማ አንቺ ነሽ» አሉኝ። «አክስትሽ እቤቷ ናት፣ ምንም አልሰማች። አስከሬን ይዘሽ እየመጣሽ መሆኑን ከመገንጠያው ደውለውልን ነው የወጣነው። ማንን ነው ያመጣሽልን?»

ዞሬ መኪናዬን አየኋት። ነጭ መጋረጃ፣ እየበራ የሚጠፋ ፍሬቻ፣ ጣሪያው ላይ የታሰረ ሰሌን። አገሬው ሟቹን በሰሌን ጠቅልሎ እንደሚቀብር እንዴት ረሳሁት? ሄጄ የኋላውን በር ከፈትኩላቸው። ያልተነጠፈ አልጋ፣ ያልታጠበ ድስትና የተንጠለጠለ ካልሲ አዩ። ከዚያ አንዲት ሴትዮ «እቴ! ሬሳው ካልሲውን አጥቦ ሄዷል!» አለችና ሳቁን ለቀቀችው። ቃሬዛ የያዙት ሳይቀሩ ሳቁ። እኔም ሳቅሁ። ሳቄ መሀል መንገድ ላይ ለቅሶ ሆነብኝ።

«አስከሬን አልያዝኩም፤ መርዶ ግን ይዣለሁ» አልኳቸው። ሁሉንም ነገርኳቸው፤ ስልኩን፣ «ተኝታለች»ውን፣ የአክስቴን ለቅሶ። ውርጅብኝ ጠብቄ ነበር፤ ይገባኛልም።

ዳኛው እስከ መጨረሻው ሰሙኝና ተቆጡ። የተቆጡት ግን በሌላ ነገር ነው። «ይኸን ሁሉ ጊዜ ብቻሽን ተሸክመሽው ዞርሽ? መርዶ የብቻ ሸክም ነው? ሰው የለሽም?»

መልሴን አልጠበቁም፤ ትዕዛዝ መስጠት ጀመሩ። አካፋው ይመለስ፤ ድንኳኑ ይውጣ፤ ለአክስቴ እስኪነጋ ማንም ትንፍሽ እንዳይል። እኔ መኪናዬ ውስጥ እንደማድር ብነግራቸው «እንግዳ ሜዳ ላይ አሳድረን ምን ልንባል ነው?» አሉ። እሳቸው ቤት አደርኩ፤ ከወራት በኋላ የደህና ሰው እንቅልፍ ተኛሁ።

ጎህ ሲቀድ ሄድን። ቅሬው እስላም ክርስቲያን አይልምና ከፊት ዳኛው፣ አንድ ቄስና አንድ ሼህ ሆኑ፤ ሴቶቹ ግራ ቀኜን ያዙኝ። ሁለት ዓመት ሙሉ አፌ ላይ የቆየውን ነገር ለኔ ሳይተዉ ራሳቸው ነገሯት። የአክስቴ ጩኸት ግቢውን ሞላው፤ ከሷ እኩል ሁሉም አለቀሰ። እናቴን በሕይወቱ ያላያት ሰው ደረቱን ሲመታላት አየሁ።

አክስቴ ከሰው መሀል ፈልጋ አገኘችኝ። በሁለት እጇ ደረቴን መታችኝ። «ሁለት ዓመት! ሁለት ዓመት ተቀይማኝ መስሎኝ!»

«አልተቀየመችሽም» አልኳት። «መጨረሻ ላይ የጠራችው ያንቺን ስም ነው።» ይኸ ውሸት አልነበረም። መምታቱን ትታ አንገቴ ላይ ተጠመጠመች።

እናቴ ትናንት እንደሞተች ሁሉ ሦስት ቀን ድንኳን ተቀመጥን። ቄሱ ጸሎት አደረሱ፣ ሼሁ ዱአ አደረጉ፤ ሴቶቹ በየተራ ምግብ አመጡ። በየመንገዱ ብዙ ሰው ውለታ ውሎልኛል፤ ጎማ የቀየሩልኝ፣ ውሃ የሞሉልኝ አሉ። ያን ቅሬ ግን የማመሰግንበት ቃል እስከ ዛሬ አላገኘሁም። እግዜር ይስጥልኝ ማለት ብቻውን ያንስብኛል።

ስመለስ አክስቴ እስከ መኪናዬ በር ድረስ ሸኘችኝና በመስኮቱ እጄን ያዘች።

«ስልክ መደወሌን አልተውም» አለችኝ።

«እሺ» አልኳት።

«ስደውል ግን ከእንግዲህ ‹ደህና ናት› እንዳትይኝ። ‹ደህና ነኝ› በይኝ።»