ቤት እንዲመታ ብዬ

ጎንደር ላይ ራፕ በጀመርኩበት ጊዜ የሠራሁትን ዘፈን ሁሉ ሰው ረስቶታል። እኔም ግማሹን ረስቼዋለሁ። የቀሩት ሁለት መስመሮች ብቻ ናቸው፤ እነሱን ግን ከአዘዞ እስከ ኮላ ድባ የማያውቃቸው ሹፌር አልነበረም።

አባቴ ወታደር፣ አባቴ ጀግና፣
ጓዱን ጥሎ መጣ ቂጣውን በላና።

ጓዱን ጥሎ መምጣቱ እውነት ነው። ቂጣውን መብላቱ ውሸት ነው። ውሸቱን የጨመርኩት እኔ ነኝ፤ የጨመርኩትም "ጀግና" ለሚለው ቃል ቤት የሚመታ ስላጣሁ ነው። "በቃ? ለዚህ ብለህ ነው?" የሚለኝ ካለ፣ አዎ፣ ለዚህ ብዬ ነው።

አባቴ የደርግ ወታደር ነበር። በሰማንያ ሦስት ሠራዊቱ ሲበተን ከኤርትራ በእግሩ እየተጎተተ አዘዞ ገባ። እኔ ያኔ ገና ዳዴ እል ነበር። እናቴ እንደምትለው በሩ ላይ ሲቆም ለማኝ መስሏት "እግዜር ይስጥልኝ" ብላ ልትመልሰው ነበር። ከዚያ በኋላ ያልሠራው ሥራ የለም፤ ድንጋይ ፈለጠ፣ ጠዳ እየሄደ የሰው እህል አጨደ፣ መጨረሻ ላይ የአዘዞ ሚኒባሶች ተራ አስከባሪ ሆነ። ፊሽካ በአንገቱ፣ ደብተር በብብቱ፣ እንደ መቶ አለቃ ቀጥ ብሎ ይቆማል። "ባለ ሰማያዊው ወደ ኋላ! አንተ ቅደም! አንተ ምነው ትገፋለህ?" ሲል አንድም ሹፌር ቃል አይመልስለትም።

ሙዚቃ የት ተማርክ ሲሉኝ እዚያ ነው የምለው። አባቴ ትእዛዝ ሲሰጥ ልክ እንደ ሰልፍ ነው፤ እግር መሬት የሚመታበት ቦታ ላይ ቃሉ ያርፋል። ረዳቶቹ ደግሞ "ፒያሳ ፒያሳ ፒያሳ፣ አንድ ሰው የቀረው!" እያሉ የማኪናውን ጎን በመዳፋቸው ይደበድባሉ። ከበሮው እሱ ነው፣ ሌላ ምን ይፈለጋል? ጓደኞቼ በቴሌቪዥን ያዩትን የአሜሪካ ልጆች እየቀዱ፣ ሱሪያቸውን ዝቅ አድርገው፣ በአዲስ አበባ አፍ ይዘፍናሉ። የሰፈሩ አሮጊቶች "ምነው ልጄ፣ ቀበቶ የሚገዛልህ ጠፋ?" እያሉ ይስቁብን ነበር። እኔ ግን ንዴቴ ሌላ ነበር። እኛ "ሸጋ" የምንል ሰዎች፣ በራሳችን አፍ ራፕ የማይሆነው ለምንድን ነው? እልኸኛ ነበርኩ። አዲስ አበባ ሳልሄድ፣ የማንም አሳታሚ በር ሳላንኳኳ፣ ጎንደር ተቀምጬ አገር እንዲሰማኝ ነበር የምፈልገው።

ደግሞ አንድ ሃይማኖት ነበረኝ፤ ሂፕ ሆፕ እውነት ነው። ያላየኸውን አትዘፍንም፣ ያልሆንከውን አትልም። አሥር ጊዜ በቀን ይቺን ነበር የምሰብከው። አፌን በጨርቅ የሚወትፍልኝ ሰው ነበር የጠፋው።

አባቴ በየዓመቱ በሰኔ ሚካኤል ጢሙን ይላጫል፣ ያቺን ብቸኛ ኮቱን ይለብሳል፣ ኮላ ድባ ይሄዳል። እዚያ አብሮት የተዋጋ የአንድ ጓዱ እህት አለች፤ በገበያው በርበሬ የምትሸጥ፣ እኔ እቴቴ የምላት። ወንድሟ ጦር ሜዳ ላይ በጥይት ተመትቶ አባቴ እጅ ላይ እንደሞተ ነበር የምታውቀው። የነገራት አባቴ ነው። ስለዚህም በየዓመቱ ዝክሩን ስታዘጋጅ አባቴን በክብር ቦታ አስቀምጣ፣ ከሰው ሁሉ አስቀድማ በእጇ ታጎርሰው ነበር። "የወንድሜን ዓይን የከደንክ" ትለዋለች። እሱም አንገቱን ደፍቶ ይጎርሳል። እኔ ትሕትና ይመስለኝ ነበር።

አሥረኛ ክፍል ሳለሁ ይዞኝ ሄደ። ስንመለስ የደምቢያ ጭቃ ማኪናዋን ያዛትና ሁላችንም ወርደን በእግር ጀመርን። ጫማችን ላይ ጭቃው እየከበደ፣ እሱ ፊት እኔ ኋላ፣ "አባዬ፣ የት ጋ ነበር የተመታው?" አልኩት። ቆሞ የጫማውን ጭቃ በእንጨት ፋቀ። ከዚያ ሳይዞር ነገረኝ።

አልተመታም። ከጦርነቱ በሕይወት ወጥተው፣ አብረው በእግራቸው እየመጡ፣ ዛሪማ ላይ ጓዱ እግሩ አብጦ መራመድ አቃተው። ሊማሊሞ ፊታቸው ተገትሯል። አባቴ ሊሸከመው ሞከረ፤ እሱም እህል ከቀመሰ ሦስት ቀኑ ነበር፣ ጉልበቱ ከዳው። ዛፍ ሥር አስቀመጠውና ኮዳውን ሰጠው፣ "እህል ይዤልህ እመጣለሁ" አለው። መንደር ገብቶ በየደጁ ቆመ። ውሻ የለቀቁበትም ነበሩ። አንዲት ሴት የማሽላ ቂጣ ሰጠችው። ሲመለስ ጓዱ የለም። ኮዳውም የለም። ሁለት ቀን ስሙን እየጠራ ፈለገው።

"ቂጣውስ?" አልኩት፤ ልጅ ነኝ፣ የታየኝ እሱ ነው።

"ከመጣ ብዬ በሻሼ ቋጥሬ ዛፉ ላይ ሰቀልኳት።"

"ሳትበላ?"

ያኔ ብቻ ዞሮ አየኝ። "እንዴት ተብሎ ይበላል?"

እህቱን ለምን እንደዋሻት አልጠየቅኩትም፣ እሱ ግን ነገረኝ። "ጠፋ ብላት ዕድሜዋን ሙሉ በር በሩን ስታይ ትኖራለች። ደግሞም አፈርኩ፣ ልጄ። ጥዬው ሄድኩ የሚለው አፌ ላይ አልመጣልህ አለኝ።" ለማንም አትንገር አላለኝም። ሰው ለልጁ ሲያወራ "አደራ" ይላል እንዴ?

ትምህርት ጨርሼ ሥራ ፈትቼ ስቀመጥ ዘፈኑን ጻፍኩት። አንድ ጓደኛዬ ክፍል ውስጥ፣ ፍራሽ ግድግዳ ላይ አቁመን፣ አሮጌ ኮምፒውተር ላይ ነበር የምንቀዳው። ስለ አባቴ መጻፍ ስጀምር ዕንባዬ መጣ፤ አይዋሽም፣ ከልቤ ነበር። የመጀመሪያዋ መስመር "ጀግና" ብላ አለቀች። ከዚያ ቀጥ። ግማሽ ቀን አንድ ቃል ፍለጋ። "ጓዱን ጥሎ መጣ" አልኩ፣ ከዚያስ? ድንገት "ቂጣውን በላና" ከአፌ ወጣ። ጓደኛዬ ከወንበሩ ዘሎ ራሱን ያዘ። "ወይኔ! በቃ ይቺ ናት!" አለ። እኔም ናት አልኩ። አባቴ ዞሮ ሲያየኝ የነበረው ፊቱ ድቅን አለብኝ፤ አሽቀንጥሬ ጣልኩት። ኋላ አስተካክለዋለሁ አልኩ።

የእኔ ራዲዮ ጣቢያ ሚኒባስ ነበር። ዘፈኑን ሜሞሪ ካርድ ላይ ለሚጭኑ ሱቆች በነፃ ሰጠኋቸው፣ ለረዳቶቹ በነፃ ሰጠኋቸው። በሳምንቱ አዘዞ ላይ የማይጮህበት ማኪና አልነበረም። አባቴ የሚሠራው ደግሞ እዚያው ነው! ከጧት እስከ ማታ፣ ተራ በተራ እየመጡ፣ መስኮታቸውን ከፍተው እሱ ፊት ያጮሁታል። ከእኔ የበለጠ ሰምቶታል። አንድ ቀን ምሳውን ሲበላ፣ ደረቴን ነፍቼ "እንዴት ነው?" አልኩት።

"ድምፅህ ሸጋ ነው" አለኝ። ጉርሻውን ውጦ "ቂጣዋ ግን…" አለና እጁን ታጠበ። "ተወው።"

ተውኩት። ደስ እያለኝ ተውኩት።

ከዚያ በከተማው ኤፍኤም ቃለ መጠይቅ ተደረገልኝ። "በእኔ ዘፈን ውስጥ አንድም የውሸት መስመር የለም" አልኩ፣ አፌን ሞልቼ። አባቴ ራዲዮኑን ጆሮው ላይ ለጥፎ፣ ሹፌሮቹን "ዝም በሉ፣ ልጄ ነው!" እያለ እንደሰማኝ ኋላ ነገሩኝ።

እቴቴ የመጣችው ቅዳሜ ረፋድ ላይ ነው። እኔ መናኸሪያው ነበርኩ፤ ሥራ ኖሮኝ አይደለም፣ ሹፌሮቹ ሲያዩኝ ክላክስ ስለሚነፉልኝ ነው። ከኮላ ድባ ከመጣው ማኪና ወርዳ በቀጥታ ወደ አባቴ ሄደች። ገበያ መካከል፣ በርበሬዋ ፊት ተቀምጣ ነው ዘፈኑን የሰማችው። "የኮላ ድባ ልጅ ዛፍ ሥር ተቀምጦ ሲጠብቅ" የሚል ሌላ መስመር ነበረው፤ የዘፋኙ አባት ማን እንደሆነ ደግሞ የማይነግራት ሰው አልነበረም።

"ዘፈኑ እውነት ነው?" አለችው። ሰላምታ የለ፣ ምን የለ።

"እውነት ነው፣ እህቴ።"

"እጄ ላይ ነው የሞተው አላልከኝም?"

"ብዬሻለሁ።"

"ዛፍ ሥር ጥለኸው ነው የመጣኸው?"

"አዎ።"

ሹፌሮቹ ተሰበሰቡ። ረዳቶቹ ጩኸታቸውን አቆሙ። እቴቴ ድምፅዋን አላነሳችም፤ ብትጮህ ይሻለኝ ነበር። "ቂጣውንም በላኸው?"

አባቴ አየኝ። በዚያ የጭቃ መንገድ ላይ ዞሮ እንዳየኝ ነው ያየኝ። ዓይኑ ቁጣ አልነበረበትም። ጠበቀኝ። እግዜር ያሳያችሁ፣ ጠበቀኝ። "እኔ ነኝ የጨመርኩት" ብል ያልቅ ነበር። ግን ክላክስ የሚነፉልኝ ሰዎች ሁሉ ከበውኛል፣ አንድም የውሸት መስመር የለም ካልኩ ሳምንት አልሞላኝም።  ዓይኔ ከሱ ሸሸ፤ መሬት ላይ የወደቀ የብርቱካን ልጣጭ ሳይ ቆየሁ።

"በላሁት" አላት።

"አሥራ ሰባት ዓመት በእጄ አጎረስኩህ" አለችው። ነጠላዋን አስተካክላ በመጣችበት ማኪና ተመለሰች። አባቴ ፊሽካውን ነፋ። "ቀጥሎ ማነው?" አለ።

ቤት ስንገባ እግሩ ላይ ልወድቅ አስቤ ነበር። አልወደቅኩም። እሱ ደግሞ አንድ ቀን፣ አንድ ቀን እንኳ ነገሩን አላነሳብኝም። በሚቀጥለው ሰኔ ሚካኤል ጢሙን ተላጨ፣ ኮቱን ለበሰ፣ ደጃፉ ላይ ባለችው አግዳሚ ወንበር ተቀመጠ። እስከ ከሰዓት ተቀምጦ ኮቱን አውልቆ ሰቀለ። በየዓመቱ እንደዚያ ነበር። እኔ በዚያ ቀን ቤት ላለመዋል ሥራ እፈልግ ነበር።

ዘፈኑ ግን ቀጠለ። ባሕር ዳር ጠሩኝ፣ ደብረ ታቦር ጠሩኝ። የትም ብሄድ ሰው ሁለቱን መስመሮች ነው የሚጠብቀው፤ እዚያ ስደርስ ማይኩን ወደ ሕዝቡ አዞራለሁ፣ አዳራሹ ሙሉ "በላና!" ይላል። አንድ ጊዜ አልቻልኩም። ደምቢያ አጠገብ በተዘጋጀ ዝግጅት ላይ ቀይሬ ልዘፍነው ሞከርኩ፤ ቤት ባይመታም እውነቱን ልል። ሕዝቡ አሮጌውን ከላዬ ላይ ዘፈነብኝ። የእኔን ድምፅ የሰማው የለም። ሙዚቃ የማን ነው ብለው የሚከራከሩ ልጆች አሁን ሲያጋጥሙኝ እስቃለሁ። እኔ ከአፌ ያወጣሁትን ነገር መመለስ አቅቶኝ መድረክ ላይ ቆሜያለሁ። ደግሞም እውነት፣ እውነት እል የነበርኩት የራሴን ገመና አውጥቼ አይደለም፤ ያወጣሁት የአባቴን ነው፣ እሱንም አበላሽቼ።

አባቴ በጉበት በሽታ ታሞ ሞተ። ቀብሩ ላይ የመናኸሪያው ሹፌር በሙሉ ነበር። ድንኳኑ ውስጥ ሦስት ቀን ስቀመጥ በሩን በሩን አይ ነበር። እቴቴ አልመጣችም። ሰው ሞቶ ለቅሶ አለመድረስ በእኛ አገር ምን እንደሆነ ለሚያውቅ ሰው መንገር አያስፈልግም።

ከአርባው በኋላ ኮላ ድባ ሄድኩ። አርጅታለች። አወቀችኝ፣ ግን "ቤት ግባ" ያለችኝ ቆይታ ነው። ሁሉንም ነገርኳት፦ ሁለት ቀን ስሙን እየጠራ መፈለጉን፣ ቂጣዋን በሻሹ ቋጥሮ ዛፉ ላይ መስቀሉን፣ እንዴት ተብሎ ይበላል ማለቱን። "ቤት እንዲመታ ብዬ ነው" ስላት ምን እንደምል እንኳ የገባት አልመሰለኝም። ቃሉን በአፌ ሳወጣው እኔንም አልገባኝም።

ነጠላዋን አፏ ላይ አደረገች። "አልበላውም" አለች ለራሷ። ከዚያ ቀና አለች።

"ያን ቀን አጠገቡ ቆመህ አልነበረም?"

"ነበርኩ።"

"ስጠይቀው እየሰማህ?"

"እየሰማሁ።"

ሌላ አልጠየቀችኝም። ተነስታ ጓዳ ገባች፣ እንጀራ በሽሮ ይዛ መጣች፣ እጄን አስታጠበችኝ። የአባቴ ቦታ የነበረችው መደብ ላይ ነበር የተቀመጥኩት። ሰሃኑን ፊቴ አድርጋ "ብላ" አለችኝና ራቅ ብላ ተቀመጠች። አላጎረሰችኝም። ራሴ ቆርሼ በላሁ።