ያልፈላው ጋን

ዛሬ ጠዋት ደብረ ብርሃን ላይ ውርጭ ወርዶ ግቢዬ ነጭ ሆኖ ነጋ። ከጎረቤቴ ያለችው አዲስ ሙሽራ እጆቿን ብብቷ ውስጥ ሸጉጣ መጣችና ጠጅ አጣጣል እንዳሳያት ለመነችኝ። «እርስዎ እኮ ሲፈጥርዎ ባለሙያ ነዎት፤ በአንኮበር ግቢ ስምዎ የተጠራ» አለችኝ። ሳቅኩ። ጋኑን በገለባ ጠቅልላ ከምድጃው ዳር እንድታስቀምጥ ነግሬ ሸኘኋት። እሷ ሄደች፤ የአንኮበሩ ጠዋት ግን ሆዴ ውስጥ ገብቶ አልወጣ አለኝ። ሰው ያረጃል እንጂ የልጅነት ፍርሃት አያረጅም መሰለኝ።

ያኔ ገና ጋሜ ልጅ ነበርኩ። አገሬ ከአንኮበር በታች፣ ይፋት ቆላ ነው። አባቴ ሲሞት እናቴ ሌላ ባል አገባች፤ እንጀራ አባቴም ለእኔ የሚተርፍ እህል አልነበረው። አክስቴ ደጅ ጠንታ አንኮበር ከንጉሡ ግቢ ጠጅ ቤት አስገባችኝ። እናቴ ስትሸኘኝ «እዚያ ካልሆነልሽ የምትመለሺበት የለሽም፤ ዕወቂው» አለችኝ። ክፉ ሆና አይደለም፤ እውነቱን ነው የነገረችኝ።

መንገዱ ቀጥ ያለ ዳገት ነው። ማሽላው አልቆ ገብሱ ሲጀምር ጉም ተቀበለኝ። የአንኮበር ጉም ደግሞ እንደ እንግዳ ደጅ ላይ አይቆምም፤ ሰተት ብሎ ይገባል፣ ከሰው ጋር ያድራል። ልብሴ ሁልጊዜ እርጥብ ነበር፤ የምንበላው የገብስ ቂጣ እንኳ የጽድ ጭስ ጭስ ይል ነበር።

የጠጅ ቤቱ አለቃ እሜቴ አስካለ ይባላሉ፤ ድምፃቸው ከደጅ ሲሰማ ቅል ያጠበችው ሁሉ ደግማ የምታጥብላቸው ሴት ነበሩ። ኅዳር መጨረሻ ላይ አንድ ጋን ለብቻዬ ሰጡኝ።

«ይህ ለገብርኤል ይደርሳል። መኳንንት ናቸው የሚጠጡት። ካበላሸሽው ጅራፍ ነው፤ ከጅራፉ በኋላ ወደ ቆላሽ።»

እናቴ እንዳስተማረችኝ ጋኑን በግራዋ ቅጠል አጠብኩ፣ በወይራ አጠንኩ፣ ማሩን በጥብጬ አፉን በጨርቅ አሰርኩ። በእኛ አገር የተበጠበጠ ማር ብዙ ሳያድር አረፋ ይዞ ይነሳል፤ ጌሾ የሚገባው ከተነሳ በኋላ ነው። እኔም አረፋውን ጠበቅኩ። ጠዋት ጨርቁን ፈትቼ አያለሁ፤ ዝም። ማታ አያለሁ፤ ዝም። ደገኞቹ ጋናቸውን በገለባ ሲጠቀልሉ አይቼ ነበር፤ እንዳይሰበር ነው ብዬ አለፍኩት። የእኔ ጋን ቀዝቃዛውን ግንብ ተደግፎ ቆሟል። ማንን ልጠይቅ? «ቆለኛዋ» እያሉ የሚስቁብኝን?

አንድ ጠዋት እሜቴ አስካለ ጋኖቹን እየዞሩ ይቀምሱ ጀመር። ወደ እኔ በቀረቡ ቁጥር «አንድ አረፋ ብቻ፣ ይነሳልኝ» እያልኩ መልአኩን ለመንኩ። ደረሱ። ጣታቸውን ነከሩ፣ ላሱ።

«ይሄ ምንድን ነው?»

«ጠጅ ነው፣ እሜቴ።»

«ይሄ ብርዝ ነው! ጌሾው የታለ?»

«እስኪነሳ ብዬ…»

«በዚህ ብርድ ሙት ይነሳል እንጂ ማር ይነሳል?»

ሴቶቹ ሳቁ። አንዷማ «ፀሐይዋንም ከቆላ ይዛ መምጣት ነበረባት» አለች። እሜቴ አስካለ ግን አልሳቁም። «የግቢ ማር ነው ያበላሸሽው» አሉና ክንዴን ይዘው ወደ ደጅ ጎተቱኝ። አላለቀስኩም። የታየኝ ጅራፉ አይደለም፤ ያ ቁልቁለት ነው።

ደጃፉን እንዳለፍን አንድ አሳላፊ እያለከለከ ከጉሙ ውስጥ ብቅ አለ።

«እሜቴ፣ የአርጎባ ሽማግሌዎች ደረሱ! ነገ የተባሉት ዛሬ መጡ። አዳራሽ ገብተዋል፤ ብርዝ ይምጣ ተብሏል!»

ሽማግሌዎቹ እስላሞች ናቸው፤ ጠጅ አይነኩም። ለእነሱ የሚቀርበው ያልፈላ የማር ውኃ፣ ብርዝ ነው። የግቢ እንግዳ ደግሞ ባዶ እጁን አይቀመጥም። እሜቴ አስካለ ብርዙን ለማግስቱ ነበር ያሰቡት፤ ማሩ ገና ከነሰፈፉ ተቀምጧል። ፊታቸው አመድ ሲመስል አየሁ። ለካ እሳቸውም የሚፈሩት ጅራፍ ነበራቸው። ክንዴን ቀስ ብለው ለቀቁት።

«ብርዝ አለ» አሉ። «ይቺ ልጅ አስባበት አዘጋጅታለች።»

ጠጅ ያልነካው አዲስ ዋንጫ አስይዘውኝ አዳራሽ ገባሁ። እዚያ በር ላይ ሌላ ፍርሃት ያዘኝ፤ ከፊተኛው የባሰ። ሌሊቱን ትንሽ ፈልቶ ቢሆንስ? ለእነዚያ አዛውንቶች የሚያሰክር ነገር ማቅረብ ከስድብ ይከፋል። ቅድም ይነሳልኝ ያልኩትን፣ አሁን በዚያው አፌ አይነሳ እያልኩ ለመንኩ። መልአኩስ የቱን ይስማኝ?

አሳላፊ እንደ ደንቡ አስቀድሞ ይቀምሳል። መዳፌ ላይ ጠብ አደረግኩና ላስኩ፤ አፌ ከመድረቁ የተነሳ ጣዕሙን አልለየሁትም። አንድ ነጭ ጢም ያላቸው ሽማግሌ እጄን አዩ።

«ልጄ፣ ትንቀጠቀጫለሽ። መርዝ አለበት እንዴ?»

«ብርዱ ነው፣ አባቴ። የቆላ ልጅ ነኝ።»

«እንግዲያው ዘመዳችን ነሽ፤ እኛንም ሊገድለን ነው» አሉና ጓደኞቻቸውን አሳቁ። ቢስሚላህ ብለው ጠጡ። ዋንጫውን ዝቅ አድርገው ጢማቸውን ጠረጉ። «ማሻአላህ! እንዲህ የጠለለ ብርዝ እዚህ ቀምሼ አላውቅም።»

ከዚያ ቀን ጀምሮ አርቆ አሳቢ ተባልኩ። መጀመሪያ ብርዙ፣ ቆይቶ ጠጁ፣ በመጨረሻም ጠጅ ቤቱ በእጄ ሆነ። ይህ ቤቴም የመጣው ከዚያ ነው። ሙያውንም በኋላ በደንብ ተማርኩት፤ አልዋሽም። የምማርበትን ጊዜ የሰጠኝ ግን ሙያ አይደለም። ቀን የሰጠው ቅል ድንጋይ ይሰብራል።

ያን ዕለት ማታ፣ ያቺ ስለ ፀሐይዋ ያፌዘችብኝ ሴት ጋን አጠቃለል ስታሳየኝ «አምናም አንዲት ቆለኛ እንዲሁ አድርጋ ነበር» አለችኝ።

«ምን ሆነች?»

«ምን ትሆናለች? እንግዳ የመጣላት መሰለሽ? ተገርፋ ወረደች።»

«ስሟ ማን ነበር?»

«ማን ያስታውሳል!»

በኋላ ብዙ ሰው ጠየቅኩ፤ የሚያውቅ አጣሁ። ጋኑ ያው ጋን፣ ብርዱ ያው ብርድ፣ እናቷም ያስተማረቻት ያንኑ ይሆናል። በእሷ ቀን ግን ያንን ዳገት የወጣ ሰው አልነበረም። ስሟን ባውቅ በጸሎቴ እጠራት ነበር። ስለማላውቀው ማታ ማታ «ያቺን ልጅ አደራ» እላለሁ፤ ማንን እንደምል እግዜር ያውቃል።