ለእትዬ ዘነበች የሜዳ ሽንኩርት

ፌርፋክስ፣ ንጋት

ጎረቤቴ ጋሼ ደጀኔ ቀድመውኝ ወርደው መኪናዬ አጠገብ ቆመዋል። በእጃቸው ባዶ ዘንቢል፣ መቀስና የወጥ ቤት ጓንት ይዘዋል። ባለቤታቸው እትዬ ዘነበች ዳሌያቸው ተሰብሮ ከተኙ ወዲህ ምግብ አልወርድ ብሏቸዋል። ትናንት ግን፣ "ሳማና የሜዳ ሽንኩርት ቢኖር እቀምስ ነበር" አሉ። በየዓመቱ በጸደይ ሄደው ይለቅሙት ነበር።

"ሶ፣ ቦታውን ያውቁታል?" አልኳቸው።

"መንገዱን አሳምሬ! ድራይቭ የማደርገው እኔ ነበርኩ። እሷ ስትለቅም መኪና ውስጥ ሬዲዮ እሰማለሁ። የካዛንቺስ ልጅ ስለ ቅጠል ምን ያውቃል?"

ከተራራው ወዲያ፣ ረፋድ

ጭነት መኪኖቹንና ጭጋጉን አልፈን ወረድን። ፊት ለፊታችን ሣር፣ ሣር፣ አሁንም ሣር። መንገድ ዳር አንድ ሳጥን እንጆሪ በስድስት ዶላር ገዛን። ጋሼ አንዷንም አልቀመሱም።

የሜዳው ባለቤት ሊንዳ የሚባሉ አሮጊት ናቸው። የአጥሩን በር ከፍተው መኪናው ውስጥ አጎንብሰው አዩ።

"ዘነበችስ?"

ጋሼ ነገሯቸው። ሴትዮዋ ከዘራቸውን ይዘው ወደ ጅረቱ መሩን። ሳማው እዚያው ነበር፤ ጋሼ ጓንታቸውን ማጥለቅ ረስተው ነኩትና ለበለባቸው። ሽንኩርቱ ግን ሣር ውስጥ የተደበቀ ቀጭን ነገር ነው።

"ተጠንቀቁ፣ እሱን የሚመስል መርዝ አለ" አሉ ሊንዳ። "ሽንኩርት ሽንኩርት ካልሸተተ አትንኩት። እኔ ደግሞ ሁሉንም አየዋለሁ።"

ጋሼ ተንበረከኩ። እያንዳንዷን ነቅለው፣ አሽትተው፣ ለሊንዳ አሳይተው፣ እንደገና አሽትተው ዘንቢል ውስጥ ያስቀምጣሉ። ላግዝዎት ብላቸው፣ "ተወኝ፣ ለሷ ነው" አሉኝ።

ፌርፋክስ፣ ከሰዓት በኋላ

ሳማው ተቀቅሎ በሽንኩርቱና በዘይት ተጠበሰ። እትዬ ትራስ ተደግፈው አንድ ጉርሻ ወሰዱ። ቆዩ። ሁለተኛ ወሰዱ። እኔና ጋሼ አልጋው አጠገብ ቆመናል።

"ያረጀውን የሳማ ቅጠል ነው የቆረጥከው" አሉ ለጋሼ። "ለጋው ጫፉ ላይ ነው። ቆይ፣ ሲሻለኝ ራሴ አሳይሃለሁ። የሜዳ ጫማዬን ከቁም ሳጥን አውጣልኝ፤ እዚህ አልጋው ሥር ይቀመጥ።"

ጋሼ ወደ ጓዳ ገቡ። ጫማ ለማውጣት ከሚበቃው በላይ ቆዩ። አፍንጫቸውን ሲናፈጡ ይሰማል።

እትዬ አልጠሯቸውም። ሳህኑን ወደ ራሳቸው ሳብ አድርገው መብላታቸውን ቀጠሉ።